አሥራ አንድ ቁጥርን ስንጠብቅ

ኅዳር 11

ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲገባ እንደሚብስብሽ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ወዲያው ብጽፍልሽ ኖሮ የሚያስቀይምሽ ነገር ይወጣኝ ነበርና እስኪበርድልኝ ቆየሁ። አልበረደልኝም።

«ታዲያ ምን ልበላቸው ኖሯል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እውነቱን። ሌላ ምን ይባላል? ጋሽ ንፋሱ አርፈዋል። አንቺ ራስሽ ቀብራቸው ላይ ቆመሻል። ከዚያ ቤት ገብተሽ፣ ጥቁር ልብስሽን ቀይረሽ፣ ለአባባ «ልጁ ጋ ሄዷል፤ ለገና ይመጣል» አልሻቸው። አሁን ጠዋት ማታ «ንፋሱ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉሻል፤ አንቺም «ለገና» ትያለሽ። ገና ሲደርስስ? ለፋሲካ ልትዪ ነው?

ደግሞስ ማንን እንደዋሸሽ አስበሻል? ታሪኩን የረሳሽው ስለመሰለኝ ልድገምልሽ። የአባባ ቡድን የዋንጫ ፍጻሜ ነው። ንፋሱ በግራ ክንፍ በርሮ አግብቶ እየመራን ነው። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ ከአግዳሚው ነጥራ ወረደች፤ አባባ ተወርውረው ጎትተው አወጧት። ዳኛው ጭቃው አንሸራቶት ወድቆ ነበርና አላየም። ተነስቶ መጣና «በረኛ፣ ገብታለች?» አላቸው። አባባ እጃቸውን አወጡና «ገብታለች» አሉ። በተጨማሪው ሰዓት ዋንጫው ሄደ። «መዝጊያው» ብሎ ስም ያወጣላቸው ከተማ በማግስቱ «ከፋቹ» ብሎ ሰደባቸው። ጋሽ ንፋሱ እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገሯቸውም። ከዚያ በገና ዋዜማ በራችን ተንኳኳ። «ማነው?» ሲሉ ከውጭ «አሥራ አንድ ቁጥር፣ አለሁ!» የሚል የጋሽ ንፋሱ ድምፅ መጣ። አንቺ ነሽ የከፈትሽው።

የዋዜማው ጥሪ የተጀመረው ከዚያች ማታ ነው። ስትዋሺ ያንን ጥሪ አስበሽው ነበር? አባባ ዘንድሮም ከጸሎት መልስ የገናው ዛፍ ሥር ቆመው ይጠራሉ። «አንድ!» ይላሉ፣ ራሳቸው ናቸውና ራሳቸው «አለሁ!» ይላሉ፣ እንደ ልማዱ ሰው ይስቃል። ከሁለት እስከ አሥር ቁጥር የነበሩት ተጫዋቾች ሁሉ ሞተዋል፤ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው «ቦታው ላይ ነው» እያሉ ሻማ ያበራሉ። ከዚያ «አሥራ አንድ!» ይላሉ። ማን ሊመልስላቸው ነው?

ይረሳሉ ትዪኛለሽ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ የማይረሳ ማን አለ? መርሳት ለመዋሸት ፈቃድ አይሆንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ስለዚህ እኔ ራሴ ጽፌላቸዋለሁ። በዚሁ ፖስታ ውስጥ የታሸገ ሌላ ፖስታ ታገኛለሽ፤ ሳትከፍቺ ስጫቸው።

ለገና ትመጣለህ ወይ ላልሽው፣ ዘንድሮ አይመቸኝም። የዓመቱ የሚዛን ፍተሻ እዚህ ከተማ ላይ ነው፤ ገበያው፣ ማደያው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሁሉም ሚዛንና መለኪያ ይጠብቀኛል። ስልክ አትደውይ። ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ። እንደ ልማዳችን በአውቶቡሱ ሹፌር ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ለወንድሜ ለባለሚዛኑ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጉልበቴን ተወው፣ እሱ ከተወኝ ቆየ።

ደብዳቤህን ሰጠኋቸው። አልከፈትኩትም፤ በኋላ እንዳትፈርድብኝ። መስኮቱ ጋ ቆመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ንፋሱ ሞተ እንዴ? መቼ? ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ።

አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው። እንባቸውን ሲጨርሱ ፊታቸውን ታጥበው ኮታቸውን ጠየቁኝና መቃብሩ ድረስ ይዣቸው ሄድኩ። ማታ ሾርባቸውን እየጠጡ «ልጄ ደግ አደረገ፤ እንደ ሰው ቆጥሮ ነገረኝ» አሉ። እኔም በሆዴ፣ እንኳን የተማረ ወንድም ኖረኝ አልኩ። ይህንን ያዝልኝ፤ አንድ ቀን ሙሉ ልክ ነበርክ።

በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለበሱና እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ውይ፣ የልጄ ደብዳቤ!» ደስ ብሏቸው እኮ ነው፣ ወንድሜ። እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል መስኮቱ ጋ የሄዱት። ከዚያ፣ «ንፋሱ ሞተ እንዴ? መቼ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲሁ ነው። በየጠዋቱ ደስ ይላቸዋል፣ በየጠዋቱ ያነቡታል፣ በየጠዋቱ ንፋሱ ዛሬ ይሞታል። ለቅሶው አይደክመውም። እኛ ሰዎቹ ነን የምንደክመው።

አንድ ጠዋት ቀድሜያቸው አወጣሁና የስፌት መኪናዬ ክዳን ሥር ደበቅኩት። ኪሳቸው ባዶ ሲሆን ቤቱን ገለበጡት። ፍራሹን አነሱ፣ መሳቢያዎቹን መሬት ላይ ዘረገፉ፣ በፒጃማ ጎረቤት ድረስ ሄደው የሰባት ቁጥርን ሚስት «የልጄን ደብዳቤ የወሰደ አለ» አሏት። ያቺ አፈኛ እንኳ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻቸው። እንዲያ ሲሆኑ አላስቻለኝም፤ መልሼ ኪሳቸው ከተትኩት። በማግስቱ አገኙት። ደስ አላቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለህ ነበር። እኛ ቤት በየቀኑ ይነጋል።

በል እንግዲህ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ ነህ። ምን ላድርግ?

እህትህ


ታኅሣሥ 2

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ግን ነገሩ ዘዴ የሌለው አይደለም። ችግሩ ደብዳቤው አይደለም፤ ማንበባቸውን አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ፖስታው ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል «አባባ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበውታል፤ ንፋሱን ቀብረናል፤ አልቅሰውለታል» ብለሽ ጻፊ። ሰው ዕዳውን እንደከፈለ ካወቀ ይረጋጋል። በጥቁር ቀለም ይሁን፣ በእርሳስ አይሁን።

በሹፌሩ አፍ ስለ እጅ ጽሑፌ ለላክሽብኝ ጥያቄ፣ ብዕሩ ነው። ስለ ክብደቴም ጠይቀሽዋል አሉ። ሹፌሩ መንገዱን ቢያይ ይሻለዋል። እኔ ደህና ነኝ። ለገና ስለመምጣቴ ከዚህ በፊት መልሻለሁ፤ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 10

ለወንድሜ፤

እንዳልከኝ ጻፍኩት። በጥቁር ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል፤ አንተ ራስህ ብታየው መስመሩ ቀና ነው ትል ነበር።

ጠዋት ፖስታውን አወጡ፣ ጀርባውን አነበቡ፣ ከዚያ ውስጡን አነበቡ። ስለ ንፋሱ አለቀሱ። ሲጨርሱ ፖስታውን ገለበጡና እንደገና ጀርባውን አዩ። «ይሄንን አንብቤ ነበር ማለት ነው? ንፋሱ ሞቶ፣ እኔ አልቅሼ፣ ረስቼው በማግስቱ ቁርሴን በልቻለሁ? ሰው ነኝ እኔ?» አሉ። ይህኛውን ለቅሶ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። እስከ ዛሬ የሚያለቅሱት ለጓደኛቸው ነበር። በእጃቸው ግንባራቸውን ሲመቱ ይዤ አስቆምኳቸው፤ ያዝኳቸው ስልህ ደግሞ የበረኛ እጅ እስከ ዛሬ የበረኛ እጅ ነው። ጽሑፉን በምላጭ ፋቅኩት። ከዚህ በላይ ምክር አትላክልኝ።

የምፈልገው ይህንን ነው፦ ሌላ ደብዳቤ ጻፍ። በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ በዚያው ዓይነት ፖስታ፣ እሱን አውጥቼ የምተካው። ንፋሱ ደህና ነው በል። ሰላም ብሎሃል በል። ይህንን ማለት ይገድልሃል?

ይገድለኛል ልትለኝ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ልንገርህ። ስልክ አትደውይ ብትለኝም ቢሮህ ደወልኩ። ዘበኛው አነሳ። «ውይ፣ ዛሬ ኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው፤ ነገ ይደውሉ» አለኝ፤ ፀጉር ቤት ሄዱ እንደማለት። እህቱ መሆኔን ስነግረው ደነገጠ፤ «አያውቁም እንዴ?» አለ። በእሱ አፍ ልስማው? አንተ የእውነት ዘመድ፣ አባቴን ለምን ዋሸሽ እያልክ የምትገርፈኝ፣ «ብዕሩ ነው» አልከኝ!

እየተሳደብኩ አይደለም። እያለቀስኩ ነው። ስልክ አይደለምና አትሰማም።

እህትህ


ታኅሣሥ 15

ለእትዬ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚህ ሌላ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።

አዎ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። ማሽኑ ያለው እዚህ ሆስፒታል ነው፤ ከእሱ ርቄ ማደር የምችለው ጥቂት ቀን ነው፤ እናንተ ጋ መጥቶ መመለስ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለገና የማልመጣው ለዚህ ነው። መርፌው የሚገባው በቀኝ እጄ ነው፤ በዚያ ቀን የእጅ ጽሑፌ ይበላሻል። ሌላው የጻፍኩልሽ እውነት ነው፤ ፍተሻው አለ፣ ሚዛኖቹም ይጠብቁኛል። የሚፈትሽልኝ ግን ረዳቴ ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነሐስ መመዘኛዎቼን በወረንጦ እንጂ በእጅ አንስቼ አላውቅም፤ የጣት ወዝ ክብደት ይጨምራል። የነካ ረዳት ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ስጮህበት እውላለሁ። አሁን በሄድኩ ቁጥር ነርሷ ከማሽኑ በፊትና በኋላ እኔን ትመዝነኛለች፤ ከእነ ጫማዬ! ሚዛኗ ደግሞ ልክ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግሬያታለሁ። «አባቴ፣ ይቁሙ ዝም ብለው» ትለኛለች። እቆማለሁ።

ለአንቺ ለምን አልነገርኩሽም? ምን ታደርጊ ነበር? አባባን ትተሽ አትመጪ። እዚያ ሆነሽ ታለቅሻለሽ እንጂ። ማለቴ፣ አንቺ ለአባባ ያሰብሽውን እኔ ለአንቺ አስቤ ነው። ይህንን ስጽፍ ገባኝ፤ አትድገሚልኝ።

አዲሱን ደብዳቤ አብሬ ልኬያለሁ። ወረቀቱና ፖስታው አንድ ዓይነት ነው። ንፋሱ ደህና ነው ብዬ ለመጻፍ ተቀመጥኩ፤ «ንፋሱ» የምትለውን እጽፍና እጄ ይቆማል። ከዚያ በላይ አልሄደም። ስለዚህ ውሸትም እውነትም የሌለበት ጻፍኩ፦ አባባ እንዴት ናቸው፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ብርዱን ይጠንቀቁ፣ መልካም ገና። ፊታቸውን ሲታጠቡ ቀይሪው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 23

ለወንድሜ፤

መጀመሪያ ስላንተ። እግዚአብሔር ይማርህ ከማለት በቀር እጄ ላይ ምንም የለም። በየማታው እለዋለሁ። ለነርሷም ታገሺው ብላለች በልልኝ።

ደብዳቤውን ቀየርኩት። ሁለት ጠዋት እንዴት ያለ ሰላም መሰለህ! አነበቡ፣ «ልጄ ደህና ነው፣ ብርዱን ተጠንቀቁ ይላል» አሉ፣ ቁርሳቸውን በሉ። በስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ዘፈንኩ። ሦስተኛው ጠዋት ላይ አነበቡና ወረቀቱን ገለበጡት። «ሌላው ገጽ የታለ?» አሉኝ። ሌላ ገጽ የለም አልኳቸው። «የለም፣ የለም። ልጄ ባዶ ወረቀት አይልክም። ልጄ የሚነግረኝ ነገር ነበር» አሉ።

ንፋሱን ረስተውታል፤ የተነገራቸው ነገር መኖሩን ግን አልረሱትም። አሁን ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ይዞራሉ። መጋረጃ ይገልጣሉ። የሚፈልጉት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ፣ ግን መስጠት አልችልም። የፊተኛው ይሻል ነበር እንዳልልህ እሱም አይሻልም። የሰባት ቁጥር ሚስት፣ «ሁለቱንም ደብዳቤ እሳት ውስጥ ክተቺና ወንድምሽ ብዕር እንዳይነካ አስምዪው» አለችኝ። እውነቷን ነው መሰለኝ።

ያም ሆኖ ገና ገናው ነው። ዛፉን አቆምን። እንደ ሁልጊዜው ጫፉ ላይ በኮከብ ፋንታ በረኛ ሳሉ የሚያጠልቁትን የሱፍ ጓንታቸውን ሰቀልኩ፤ ብል በልቶት አንዱ ጣት ወድቋል፣ ሰፋሁት። ጫማቸውን በየቀኑ ይወለውላሉ። ለሰው ሁሉ «ንፋሱ ይመጣል፤ እሱ ሳይመጣ ጥሪውን አልጨርስም» ይላሉ። ምን ልመልስላቸው እንደሆነ ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። «ቦታው ላይ ነው» ካልኩ እዚያው ሰው መሐል ንፋሱን እንደገና ልገድልባቸው ነው። «መንገድ ላይ ነው» ካልኩ በሩን ከፍተው ሲጠብቁ ሊያነጉ ነው።

ምክር አልፈልግም ብዬህ ነበር። ይህችን አንዲቷን ብቻ። «አሥራ አንድ!» ሲሉ ምን ልበል?

እህትህ


ታኅሣሥ 26

ለእትዬ፤

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። «አሥራ አንድ!» ሲሉ ምን ልበል ላልሽው፣ አላውቅም። ይህን ቃል ለአንቺ ጽፌልሽ አላውቅም።

ወንድምሽ


ጥር 4

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አነበብኩት፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ በማግስቱ ማሽኑ ላይ ተጋድሜ እንደገና አነበብኩት። ልዩነቱ እኔ አለመርሳቴ ብቻ ነው።

ሁላችንም አሥራ አንድን ስንፈራ ሰነበትን። ጥሪው «አንድ» ላይ ይቆማል ብሎ ማን አሰበ? «አንድ!» ብለው ሲጠሩና ዝም ሲሉ የሰባት ቁጥር ሚስት ቀልድ መስሏት ሳቀች ብለሻል። እኔም እዚያ ብሆን እስቅ ነበር። ከዚያ ዙሪያቸውን አይተው «መዝጊያው የታለ? በረኛ ሳይኖር እንዴት ይጀመራል? በሩን ክፈቱለት» ሲሉ፣ አንቺ ተነስተሽ በሩን ከፈትሽ። ሌላ ምን ልታደርጊ? ብርዱ ሲገባ፣ ዛፉ ጫፍ ላይ ጓንታቸው ሲወዛወዝ፣ ያ ሁሉ ሰው ያልተለኮሰ ሻማ ይዞ ወደ ጨለማ እያየ ሲቀመጥ፣ አባባ ደግሞ እጃቸውን አጣምረው ደጁ ላይ ራሳቸውን ሲጠብቁ፣ ይህን ሁሉ ጻፍሽልኝ። ባትጽፊልኝ ይሻል ነበር ልልሽ ብዕር አነሳሁና፣ ማን ሆኜ ነው እንዲህ የምለው ብዬ ተውኩት።

«ቦታው ላይ ነው» ማለቴ ጥፋት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለንፋሱ አዘጋጅተሽው የነበረውን ቃል ለእሳቸው አልሽው፤ ለሞተ ሰው የሚባለውን፣ እዚያው ፊትሽ ለቆሙት አባትሽ። ብርድ ላይ ነበሩ፤ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ጥፋት አይደለም። አንድ ሰው መመለስ ነበረበት፤ ያ ሰው ልጃቸው ነው፤ እዚያ የነበርሽው ልጃቸው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሻማውን ከእጅሽ ተቀብለው ራሳቸው አበሩት፣ ወደ አንቺም ዞሩ ብለሻል። «መዝጊያው ሞተ እንዴ? መቼ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

ምን ብለሽ እንደመለስሽላቸው አልጻፍሽም። አልጠይቅሽም። ጥሪው ከዚያ ወዲያ ወደ ሁለት አለመሄዱን፣ ሰዎቹም ሻማቸውን ሳያበሩ እንደያዙ ወደየቤታቸው መሄዳቸውን ጽፈሽልኛል፤ እሱ ይበቃኛል።

አሁን በየጠዋቱ ለበረኛው ቀብር ጫማቸውን ይወለውላሉ አልሽኝ። ያን የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን የት እንዳደረግሽው አላውቅም፤ እንዳሻሽ አድርጊው። ሁለተኛውንም።

ስለ እኔ ጠይቀሻል። ትናንት ነርሷ መዘነችኝ። ቁጥሩን ልትነግረኝ ስትል «ተይው» አልኳት። ዘወር ብላ አየችኝ፤ ሚዛኗን ሳልሰድብ የወረድኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ ስትጽፊልኝ አባባ ደህና ናቸው በይኝ። ጋሽ ንፋሱ መጥተው ነበር፣ በሩን አንኳኩተው «አሥራ አንድ ቁጥር፣ አለሁ» ብለው ገቡ፣ አባባም ሳቁ በይኝ። አልመዝነውም።

ወንድምሽ